የዋቤን ገደል በእግር ለመጐብኘት የወረድንበት ቀን
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ አንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ያደረገው ንግግር)



 የጂኦግራፊ መምህራችን «ስለ ዋቤ ጕዞአችሁ ተናገር» ብለው ባዘዙኝ ጊዜ ደስም አለኝ፤ አፈርሁም። ደስ ያለኝ፣ ያየሁት ነገር ሊነገር የሚገባው ስለ ሆነ ነው። ያፈርሁበትን ምክንያት ግን ስፍራው ላይ ስደርስ እናገራለሁ፤ አሁን ከተናገርሁት ገደሉን ሳታዩ ትቈጡኛላችሁና።

መጀመሪያ የምንኖርበትን አገር እናስተውል። በቆጂ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የተቈረቈረች ከተማ መሆኗን ሁላችንም በክፍል ተምረናል። በሰሜን ጭላሎ፣ በደቡብ ካካ፣ በምሥራቅ ደግሞ የገላማ ሰንሰለት ቆመዋል፤ ሦስቱም ከ4,000 ሜትር በላይ ናቸው። ጧት ጧት ወደ ትምህርት ቤት ስንመጣ እነዚህን ተራሮች እናያለን፤ ነገር ግን አናያቸውም። የጣራችን ክዳን ሰው ቆጥሮት የማያውቅ እንደ ሆነ ሁሉ፣ የዘወትር ነገር ዐይን ውስጥ አይገባም። በገላማ ሰንሰለት ላይ ያለው የበዳ ተራራ በጥንቱ የበረዶ ዘመን በግግር በረዶ ተሸፍኖ እንደ ነበር የመሬት ሊቃውንት ከተዋቸው ድንጋዮች አረጋግጠዋል። ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አገር የማይገኘው የደጋ አጋዘንም በእነዚሁ ተራሮች አስታና ጅብራ መካከል ይኖራል። ይኸን ለአንድ የውጭ አገር ሰው ብነግረው ሻንጣውን ያነሣል። እኛ ግን የምንነሣው ሩጫ ልምምድ ሲደርስብን ብቻ ነው።

መምህራችን አንድ ቀን በሰሌዳው ላይ ሁለት መስመር ሠሩና እንዲህ ሲሉ ጠየቁን፤ «ዛሬ በካካ ተራራ ጫፍ ላይ ሁለት የዝናብ ጠብታዎች ጐን ለጐን ቢወድቁ የት ይደርሳሉ?» ከመካከላችን የመለሰ አልነበረም። መልሱም ይኸ ነው። በእኛ በኩል የወረደው ጠብታ ወደ ከታር ወንዝ ይገባል። ከታርም ወደ ስምጥ ሸለቆ ወርዶ ዝዋይ ሐይቅ ውስጥ ይጨመራል፤ ከዚያም በቡልቡላ ወንዝ ወደ አብጃታ ይሄዳል፤ ባሕር አያይም። በአሳሳ በኩል የወረደው ጠብታ ግን ዋቤን ይቀላቀላል። ዋቤ አርሲንና ባሌን እየለየ ወደ ምሥራቅ ሄዶ ጎዴንና ቀላፎን አልፎ ሶማሊያ ይገባል። እዚያም ሞቃዲሾ ለመድረስ ጥቂት ሲቀረው ሐሳቡን እንደ ለወጠ መንገደኛ ወደ ደቡብ ምዕራብ ይታጠፍና ከውቅያኖሱ ጋር ጐን ለጐን ሲጓዝ ቈይቶ በረግረግና በአሸዋ ውስጥ ይጠፋል። ዝናቡ እጅግ ሲበረታ ብቻ ነው ከጁባ ወንዝ ጋር የሚገናኘው። «ሸቤል» በሶማልኛ ነብር ማለት እንደ ሆነ ሰምቻለሁ፤ ለዋቤ ሸበሌ የሚስማማ ስም ነው። በ2015 ዓ.ም. በግንቦት ወር በለድወይን የምትባለውን የሶማሊያ ከተማ አጥለቅልቆ ሕዝቧን ከቤቱ ያስወጣው ጐርፍ በብዙው የመጣው ከእኛው ደጋ ነው። የእኛ በልግ ለእነርሱ ጐርፍ ይሆናል ማለት ነው።

ከዚያ ትምህርት በኋላ «ዋቤን ሳናይ ከዚህ ትምህርት ቤት አንወጣም» ብለን ዐሥራ አንድ ተማሪዎች ተስማማን። መምህራችን ፈቃድ ጠየቁልን፤ ወላጆቻችንም በፊርማቸው ፈቀዱ። በመጋቢት ወር መጨረሻ በአንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ በአውቶቡስ ተነሥተን በመራሮና በአሳሳ በኩል አዳባ ገባንና እዚያው አደርን። ስለ አውቶቡሱ ብዙ አልናገርም፤ ዘፈን ነበረ፣ አቧራም ነበረ።

በማግሥቱ ማለዳ መንገድ መሪ የሚሆኑን አንድ ሽማግሌ ተገኙ። ስማቸውን እንዳልናገር ስለ ለመኑኝ «ኦቦ» እያልሁ ብቻ እተርካለሁ። ዕድሜአቸው ከሰባ ያለፈ ይመስለኛል። በእጃቸው እንደ ባላ ጫፉ በሁለት የተከፈለ፣ እጅ ከመያዙ ብዛት እንደ ቀንድ የለሰለሰ በትር ይዘዋል። ከመካከላችን አንዱ ስለ በትሩ በኦሮምኛ ቢጠይቃቸው፣ በወጣትነታቸው ወደ ድሬ ሼኽ ሁሴን በእግራቸው ሲሄዱ የያዙት መሆኑን ነገሩን። ከአርሲ የሚነሡ ምእመናን ወደዚያ ስፍራ ለመድረስ ዋቤን መሻገር አለባቸው። እኛ «ጕብኝት» የምንለውን መንገድ የእነዚህ ሰዎች አያቶችና ቅድመ አያቶች ስንቃቸውን ተሸክመው፣ እየዘመሩ ለብዙ ዘመን ሲወርዱትና ሲወጡት ኖረዋል። ዶናልድሰን ስሚዝ የተባለው አሜሪካዊ ተጓዥ እ.ኤ.አ. በ1894 ሼኽ ሁሴን በደረሰ ጊዜ መጽሐፍ ጻፈና ስሙ በዓለም ተነገረ። ኦቦ ግን ስንት ጊዜ እንደ ተመላለሱ ራሳቸውም አልቈጠሩትም።

ሦስት ሰዓት ያህል በሜዳ ተጓዝን። የገብስ ማሳ፣ የከብት መንጋ፣ ገብሱን የሚጠብቁ ሕፃናት፤ ከዚህ በቀር የሚታይ ነገር አልነበረም። ከጓደኞቼ አንዱ «ገደሉ ተሰርቆ ይሆን?» ብሎ አሳቀን። ወዲያው ኦቦ በትራቸውን ዘርግተው አቆሙን። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ከመቆማችን በፊት አንዳችም ምልክት አላየሁም። ሜዳው እንደ ጠረጴዛ ጫፍ ድንገት አለቀ። ከሁሉ ይልቅ ያስደነገጠኝ ጥልቀቱ አይደለም፤ ጆፌ አሞራዎች ከእግራችን በታች ሲያንዣብቡ ማየቴ ነው። የአሞራን ጀርባ ከዚያ ቀን በፊት አይቼ አላውቅም ነበር።

በማዶ ያለው ግድግዳ ድርብርብ ነው፤ በመሶብ ውስጥ እንደ ተደራረበ እንጀራ አድርጋችሁ አስቡት። እያንዳንዱ ንብርብር በአንድ ወቅት ከምድር ውስጥ ቀልጦ የፈሰሰ እሳተ ገሞራ ነው። በአንዳንዱ ንብርብር መካከል ቀይ መስመር ይታያል። መምህራችን እንዳስረዱን ይኸ ቀይ መስመር የጥንት አፈር ነው፤ በሁለት ፍሰቶች መካከል ረጅም ዘመን አልፎ፣ ዝናብ ዘንቦ፣ ሣር በቅሎበት ከኖረ በኋላ የሚቀጥለው ፍሰት መጥቶ እንደ ሸክላ ጠበሰው። ወንዙ እየወረደ ወደ ሼኽ ሁሴን አገር ሲቃረብ ደግሞ ከእሳተ ገሞራው በታች ያለውን የኖራ ድንጋይ ቈርጦ ያወጣዋል። ያም ድንጋይ ዳይኖሰር በነበረበት ዘመን በባሕር ወለል ላይ የተነጠፈ ነው። ባሌ ውስጥ የሶፍ ዑመር ዋሻ የተፈለፈለውም በዚሁ ዐይነት ድንጋይ ውስጥ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስታውስ፤ ሶፍ ዑመርን የሠራው ወንዝ ወይብ ነው እንጂ ዋቤ አይደለም። ስማቸው ስለሚቀራረብ እኔም በፈተና ላይ አሳስቼ አንድ ነጥብ ጐድሎብኛል።

«ውኃ ለስላሳ ሆኖ ሳለ ድንጋይን እንዴት ይቈርጣል?» ብሎ የሚጠይቅ ይኖር ይሆናል። ድንጋይ የሚቈረጠው በውኃው ብቻ አይደለም፤ ይልቁንም ውኃው ተሸክሞ በሚያመጣው አሸዋና ጠጠር ነው። ውኃው እጅ ነው፤ ጠጠሩ መጥረቢያ ነው። ፏፏቴ ባለበት ስፍራም ውኃው ከላይ ያለውን ጠንካራ ድንጋይ ትቶ ከሥሩ ያለውን ልል ድንጋይ ይቦረቡራል፤ ያን ጊዜ ላይኛው ድንጋይ መቆሚያ አጥቶ ይናዳል። ስለዚህ ፏፏቴው በየዘመኑ ወደ ምንጩ በኩል እያፈገፈገ፣ በኋላው ገደል እየተወ ይሄዳል ማለት ነው።

በዚሁ አካባቢ መልካ ዋከና የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ ይገኛል። «መልካ» የወንዝ መሻገሪያ መሆኑን ታውቃላችሁ። ማመንጫው እ.ኤ.አ. በ1988 ሥራ የጀመረ ሲሆን 153 ሜጋ ዋት ኃይል ለመስጠት የተሠራ ነው። ውኃው ከግድቡ ወጥቶ 300 ሜትር ገደማ ቍልቍል ሲወረወር መዘውሮቹን ያዞራል። ገደሉ ባይኖር ይኸ ኃይል አይገኝም ነበር። ኦቦ ግን ሌላ ነገር አሉ። «ድሮ የውኃው ድምፅ እዚህ ድረስ ይሰማ ነበር፤ አሁን ወደ ቧንቧው ስለሚገባ ዝም ብሏል። ሽቦው በላያችን አልፎ ይሄዳል፤ በእኛ ቤት ያለው ኩራዝ ነው።» ይኸን ሲሉ አላማረሩም። የአየሩን ሁኔታ እንደሚናገር ሰው ነበር የተናገሩት።

አሁን ወደ ጥፋቴ ደርሻለሁ።

መውረጃው ሁለት ነው። አንዱ ከብት የሚወርድበት፣ በዳገቱ ላይ እየተጠማዘዘ የሚሄድ ረጅም መንገድ ነው። ሁለተኛው ፍየሎች የሚወርዱበት ቀጥ ያለ ስርጥ ነው። ኦቦ ወደ ስርጡ እያመለከቱ «ይኸ ለፍየል ነው፤ ሌሊት ዝናብ ጥሎበታል፤ በከብቱ መንገድ እንሂድ» አሉ። መምህራችንም ይኸንኑ አጥብቀው አዘዙ። እርሳቸው ከኦቦና ከስድስት ተማሪዎች ጋር ከፊት ቀደሙ። እኛ አምስት የቀረነው ፎቶግራፍ ስናነሣ ዘገየን።

ያን ጊዜ እኔ ተናገርሁ። ያልሁት ቃል እስከ ዛሬ በጆሮዬ ይጮሃል። «እኛ የበቆጂ ልጆች ነን! ደራርቱ ከወጣችበት አገር መጥተን ፍየል የሚወርደውን ገደል እንፈራለን?» አልሁ። ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ወርቅ ስታገኝ፣ ፋጡማ ሮባ በ1988 ዓ.ም. በአትላንታ ማራቶን ስታሸንፍ፣ በ2000 ዓ.ም. በቤጂንግ የ5,000 እና የ10,000 ሜትር አራት ወርቆችን በሙሉ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ሁለቱ ብቻ ተካፍለው ሲወስዱ፣ አንዳቸውም ቢሆኑ በእርጥብ ገደል ላይ አቋራጭ አልፈለጉም። እኔ ግን ያላገኘሁትን ክብር ከእነርሱ ተበድሬ ተመካሁበት። ደግሞም ቍልቍለት ከሜዳ ሩጫ ጋር አንድ አለመሆኑን አላወቅሁም። በቍልቍለት የጭን ጡንቻ በየእርምጃው የሰውነትን ክብደት እየያዘ ስለሚያቆም ቶሎ ይዝላል፤ ጡንቻው ሲዝል ጕልበት ይንቀጠቀጣል፤ ጕልበት ሲንቀጠቀጥ እግር ያልታሰበበት ስፍራ ያርፋል።

ከአምስታችን አንዲቱ በሩጫ የታወቀች የክፍል ጓደኛችን ናት። ከዚያ ቀን በኋላ ሦስት ሳምንት ብቻ የቀረው የምርጫ ውድድር ነበረባት። «እኔ በከብቱ መንገድ እሄዳለሁ፤ እግሬን እፈልገዋለሁ» ብላ ነበር። ሳቅሁባት። ሌሎቹም እኔን አይተው ሳቁ። እርስዋም ፈሪ ከምትባል ብላ ተከተለችን።

ግማሹን በደኅና ወረድን። ሽኮኮዎች ከድንጋይ ወደ ድንጋይ እየዘለሉ ያዩናል፤ በስርጡ ግራና ቀኝ ያደገው ዛፍ ላይ ጕሬዛዎች ነጭ ጭራቸውን እንደ ጭራ ሰብቀው ይወረወራሉ። ደስታችን ወሰን አልነበረውም። ሙቀቱ እየጨመረ ሄደ። በትምህርታችን መሠረት በየ1,000 ሜትሩ ዝቅታ ሙቀት ወደ 6 ዲግሪ ተኩል ይጨምራል፤ ስለዚህ በወረድንበት ልክ 1 ወይም 2 ዲግሪ ብቻ መጨመር ነበረበት። ነገር ግን ነፋስ የማይገባበት ገደል እንደ ምድጃ ነው፤ ድንጋዩ ከፀሐይ የተቀበለውን መልሶ ይሰጣል። ሒሳቡ ትክክል ነው፤ ላቡ ግን ሒሳቡን አይሰማም። ውኃችንንም ጨረስን።

ቀጥሎ የሰማሁት የድንጋይ መንከባለልና አንድ አጭር ጩኸት ነው። ጓደኛችን በእርጥብ ድንጋይ ላይ አንሸራትቷት ቀኝ እግሯ በሁለት ቋጥኝ መካከል ገብቶ ተጠምዝዞ ነበር። አላለቀሰችም። ቁርጭምጭሚቷ በዐይናችን ፊት ሲያብጥ ዝም ብላ ተመለከተችውና «ስንት ሳምንት ይፈጃል?» ብላ ጠየቀች። ይኸን ጥያቄ የጠየቀችው እኔን ነበር። መልስ አልነበረኝም።

አንዱ ጓደኛችን እየጮኸ ወርዶ ኦቦንና መምህራችንን ጠራ። መምህራችን አንድም የቍጣ ቃል አልተናገሩኝም፤ ያ ከቍጣ የበለጠ ከበደኝ። ኦቦ እግሯን በእጃቸው ዳሰው አጥንቱ ያልተሰበረ መስሎ እንደ ታያቸው ተናገሩ፤ ወዲያው ፊታቸውን ወደ ሸለቆው መልሰው በረጅሙ ተጣሩ። በገደሉ ወገብ ላይ ባለች ጠባብ ደልዳላ ስፍራ ጥቂት ቤቶች እንዳሉ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ከላይ ሆነን ስናይ ገደሉን ባዶ ነው ብለን ነበር።

ብዙም ሳይቈይ ስድስት ሰዎች ሁለት ረጃጅም እንጨትና ገመድ ይዘው መጡ። ጋቢ ዘርግተው፣ አሥረው፣ ቃሬዛ ለመሥራት የፈጀባቸው ጊዜ እኔ የጫማ ማሠሪያዬን ከማሥርበት እምብዛም አይበልጥም። ይኸን ያህል መልመዳቸው ስላስገረመኝ አንዱን ወጣት ጠየቅሁት። ዕድሜው ከእኔ ጋር እኩል ይሆናል። «ባለፈው ወር እኅቴን ምጥ ይዟት በዚሁ አወጣናት» አለኝ። ጤና ጣቢያው ከላይ፣ ከገደሉ ማዶ ሜዳውን ተሻግሮ ነው። «ደረሰች ወይ?» አልሁት። «ደረሰች፤ ወንድ ልጅ ነው» አለና ሳቀ። ቀጥሎም ሳይስቅ «አንዳንዱ አይደርስም» አለ።

የእርስዋ ራስ ወደ ዳገቱ እንዲሆን አድርገው አራቱ ተሸከሙ፤ ሁለቱ እየተቀያየሩ ያሳርፏቸዋል። በረጅሙ የከብት መንገድ ነበር የወጡት። እኔም ተራ እንዲሰጡኝ ለምኜ አንድ ጫፍ ተሸከምሁ። ሁለት መቶ እርምጃ እንኳ ሳልሄድ ልቤ ሊወጣ ደረሰ። ያ ወጣት እንጨቱን ከትከሻዬ ላይ ወስዶ፣ ምንም ሳይናገር እየተራመደ ቀጠለ። እርሱ በየትም ውድድር ስሙ አልተጻፈም። ከኋላችን ሁለት ሴቶች በጄሪካን ውኃ ተሸክመው ይከተሉናል፤ ያን ውኃ የጠጣነው እኛ ነን። ከላይ በደረስን ጊዜ መምህራችን ገንዘብ ቢያወጡ አንዳቸውም እጃቸውን አልዘረጉም።

ወደ መኪና መንገድ ለመድረስ ገና ብዙ ይቀር ነበር። ኦቦ ያን የለሰለሰ በትራቸውን ወስደው ባላውን በብብቷ ሥር አደረጉላትና «ተደገፊ፤ ይኸ ከዚህ የባሰ መንገድ ያውቃል» አሏት። እርስዋም በሽማግሌው በትር ላይ ተደግፋ፣ ከወዲህና ከወዲያ ደግፈናት፣ ጥቂት እየሄደች ጥቂት በፈረስ እየተቀመጠች አዳባ ገባን። ጤና ጣቢያ ያዩዋት ነርስም ስብራት ሳይሆን ከባድ ወለምታ መሆኑን ተናግረው አሠሩላት። ስድስት ሳምንት እንዳትሮጥ አዘዙ።

ውድድሩ አለፋት።

እናቷ ዛሬ በዚህ አዳራሽ በሦስተኛው ረድፍ ተቀምጠዋል። እማማ፣ ልጅዎን አደራ ብለው በፊርማዎ ሲልኩልን፣ ፈሪ ብዬ የሳቅሁባትና በፍየል መንገድ ያስወረድኋት እኔ ነኝ። እርስዋ ስሜን ጠርታ እንዳልከሰሰችኝ ዐውቃለሁ፤ «አንሸራተተኝ» ብቻ እንዳለችዎ ሰምቻለሁ። ስለዚህ እኔው በሰው ፊት ልናገረው ወደድሁ። ይቅርታዎን እለምናለሁ፤ ቢዘገይብኝም እጠብቃለሁ።

ከዚያ ወዲህ ከትምህርት በኋላ እግሯን ልታፍታታ ስትወጣ ከሜዳው ዳር ተቀምጬ ሰዓት እይዝላታለሁ። አንድ ዙር መራመድ በሁለት ዙር ሶምሶማ ተተካ፤ ባለፈው ሳምንት ስድስት ዙር ሮጠች። የያዝሁላትን ሰዓት ስነግራት «ሰዓቱን አሳስተሃል» ትለኛለች፤ ፍጥነቷ ገና ያልተመለሰ መሆኑን ማመን አትፈልግም። እኔም አልከራከራትም።

የኦቦ በትር እስከ ዛሬ በእነርሱ ቤት ከበሩ ኋላ ቆሞ ይገኛል። በመጪው ዕረፍት ልንመልስላቸው ወስነናል፤ እርስዋም በእግሯ ወርዳ በገዛ እጇ እንደምትሰጣቸው ተናግራለች። የምንወርደው በከብቱ መንገድ ነው። መምህራችን ለሃያ ተማሪ ፈቃድ አግኝተዋል፤ እስካሁን የተመዘገቡት ዐሥራ ሦስት ናቸው። መሄድ የሚፈልግ ስሙን እስከ ዓርብ ድረስ ለጂኦግራፊ መምህራችን ይስጥ። ሁለት ሊትር ውኃ የሚይዝ ዕቃና ሶሉ ያላለቀ ጫማ ያስፈልገዋል። በገደሉ ወገብ ላሉት ልጆች የሚሆን ደብተርና እስክሪብቶ ለመስጠት የሚፈቅድ ወላጅ ቢኖርም፣ ተሸክመን ለማውረድ ዝግጁ ነን።